አንዲት ጥርስ የቀረቻቸው ፕሬዚዳንት

በደጋ አገር ጥርስ ማጣት ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ፣ ከጉና ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ፋርጣና እስከ እስቴ ድረስ፣ ሰው ከሚመገባቸው ዋና ዋና እህሎች አንዱ ገብስ ነው፤ ገብስም ከሁሉ በፊት ቆሎ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቆሎ ይቀርባል፤ ቡና ሲፈላ ቆሎ ይቀርባል፤ መንገደኛም ሲነሣ ቆሎ ይቋጠርለታል። ጥርሰ ሙሉው ከሰፌዱ እያፈሰ ሲቆረጥም፣ ጥርሰ ወላቃው ግን ገብሱን አስፈጭቶ በሶ በጥብጦ ይጠጣል። ስለዚህ ጥርስ የጎደለው ሰው የሚለየው ከምግቡ ብቻ ሳይሆን ከጨዋታውም ጭምር ነው።

ባለፈው ነሐሴ ለቡሄ ወደ አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ አያቴ ሙልሙላቸውን በሻይ እያራሱ ሲበሉ አገኘኋቸው። ከላይ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ከታች ሦስት ብቻ ቀርተዋል። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነበር። ይኸውም ሦስቱም ተነቅለው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይግባላቸው፣ ሦስት ጥርስ ቦታ ከመያዝ በቀር የሚሠራው ሥራ የለም የሚል ነው። አያቴ ግን እግዚአብሔር ያስቀረላቸውን በገዛ እጃቸው እንደማይጥሉ ለሁሉም አስታወቁ። እኔም በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ስለ ሆንኩ ፍርድ እንድሰጥ ተጠየቅሁ፤ ነገር ግን ሕክምና ያልተማርኩ በመሆኔ አፍሬ ዝም አልኩ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ ከልቤ ስላልጠፋ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። መልሱንም ያገኘሁት ፈጽሞ ባልጠበቅሁት ስፍራ፣ በአንድ ታላቅ የጦር አዛዥና መሪ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። እኒህ ሰው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግቶን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

የመሬት ቀያሹ ወጣት

ጆርጅ ዋሽንግቶን የተወለዱት በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በቨርጂኒያ ነው። አባታቸው ኦገስቲን ዋሽንግቶን ትምባሆ የሚያስመርቱ ባለ ርስት ነበሩ። እኒህ አባት በ1743 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላላቅ ወንድሞቻቸው እንግሊዝ አገር ሄደው ሲማሩ እርሳቸው ግን አባታቸው በመሞታቸው ምክንያት ይህ ዕድል ሳይደርሳቸው ቀረ። ስለዚህ የመሬት ቅየሳ ሙያ ተምረው በ17 ዓመታቸው የካልፔፐር አውራጃ ቀያሽ ሆኑ። በ1751 ዓ.ም. ከታመሙት ወንድማቸው ጋር ባርባዶስ ወደምትባለው ደሴት በተጓዙ ጊዜ ፈንጣጣ ይዟቸው ነበር፤ ቢሆንም ከሞት ተርፈው ተመለሱ።

ዋሽንግቶን ቁመተ ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ በፈረስ ግልቢያም ከጓደኞቻቸው መካከል ተወዳዳሪ የሌላቸው ጎልማሳ ነበሩ። ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ በድንበር ጦርነት ከፈረንሳውያንና ከአገሬው ሕንዶች ጋር ተዋግተዋል። በ1755 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ብራዶክ ድል ሆኖ በቆሰለበት ጦርነት ሁለት ፈረሶች ከሥራቸው ተገድለው፣ ልብሳቸውም በጥይት ተበሳስቶ፣ እርሳቸው ግን አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካቸው ወጥተዋል። ጥይት ያላሸነፈውን ይህን ገላ ግን በዝግታ የሚያሸንፍ ሌላ ጠላት በአፋቸው ውስጥ ነበር።

ዋሽንግቶን ወጪያቸውን በመዝገብ የማስፈር ልማድ ነበራቸው። በ1756 ዓ.ም.፣ በ24 ዓመታቸው፣ ዋትሰን ለተባለ ሐኪም ጥርስ ስለ ነቀለላቸው 5 ሺሊንግ እንደ ከፈሉ በመዝገቡ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ባሉት 40 ዓመታት ውስጥ የጥርስ ሕመም፣ የድድ እብጠት፣ የጥርስ ማጽጃ ዱቄትና ቡሩሽ በሒሳብ መዝገባቸውና በደብዳቤዎቻቸው እየተመላለሱ ይታያሉ። ጥርሳቸውን ቸል ያሉ ሰው አልነበሩም ማለት ነው። እርሳቸው ራሳቸው የጥርሳቸውን መጥፋት በልጅነታቸው ጠንካራ የለውዝ ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብሩ በነበረው ልማድ ያመካኙ እንደ ነበር ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ አትርፈዋል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዚያ ዘመን ለልዩ ልዩ በሽታ ይሰጥ የነበረው ባዜቃ ያለበት መድኃኒት ድድን የሚያበላሽና ጥርስን የሚያላላ መሆኑን ያስታውሳሉ።

በ1759 ዓ.ም. ማርታ ከስቲስ የተባሉትን ባለጸጋ እመቤት አግብተው በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚገኘው በማውንት ቨርኖን ርስታቸው የገበሬ ኑሮ ጀመሩ። በእነዚህ የሰላም ዓመታትም ጥርሳቸው አንድ በአንድ መነቀሉን አላቋረጠም።

ጦር ሜዳና የጥርስ ሽቦ

በ1775 ዓ.ም. አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ሲነሡ ጉባኤው የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ አድርጎ የመረጠው ዋሽንግቶንን ነው። ጫማ የሌለውና ደመወዝ የማይደርሰው ጦር ይዘው ስምንት ዓመት ተዋጉ። በ1776 ዓ.ም. በልደት ሌሊት የበረዶ ግግር የሚንሳፈፍበትን የዴላዌር ወንዝ ተሻግረው ጠላትን በድንገት መቱ። በተከታዩ ዓመት ክረምት በቫሊ ፎርጅ ሰፈር ከብርድና ከበሽታ የተነሣ ብዙ ወታደር አለቀባቸው። በዚህ ሁሉ መካከል አዛዡ በአፋቸው የያዙት ሕመም ነበር፤ ነገር ግን ጦሩ ይህን እንዲያውቅ አይፈልጉም ነበር።

በዚያን ጊዜ ጥርሳቸውን ይጠብቅላቸው የነበረው ጆን ቤከር የተባለ ከእንግሊዝ አገር የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። የቤከር አሠራር እንዲህ ነበር። ከጥርስ አጥንት የተቀረጸ ቁራጭ በጎደለው ቦታ ይገባና በግራና በቀኝ ከቀሩት ጥርሶች ጋር በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ይህ ዛሬ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንለው ነገር ቀደምት ዓይነት ነው። ችግሩ ግን ሽቦው እየላላ ሲሄድ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ሲጠብቅም የታሰረበትን ጤነኛ ጥርስ እየሳበ ያነቃንቀዋል። ስለዚህ የጎደለውን ለመሙላት ሲባል ያልጎደለው ይጎድል ነበር።

ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በሜይ ወር 1781 ዓ.ም. ዋሽንግቶን የጥርስ መፋቂያ እንዲላክላቸው ወደ ሐኪሙ ወደ ቤከር ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤውም በቅርቡ ወደ ፊላዴልፊያ ይመጣሉ ተብሎ ስለማይጠበቅ ዕቃው ካሉበት ሰፈር እንዲደርሳቸው ጠየቁ። ደብዳቤው ግን በመንገድ ላይ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ይህ የጥርስ ደብዳቤ የእንግሊዙ አዛዥ ክሊንተን ዋሽንግቶን ከኒው ዮርክ አካባቢ አይንቀሳቀሱም ብሎ እንዲያምን ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው። ዋሽንግቶን ግን በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ ገሥግሠው በፊላዴልፊያ በኩል አልፈው ሄዱ፤ በኦክቶበርም በዮርክታውን የእንግሊዝን ጦር አስከብበው እጁን አሰጡት። አገራቸው ነጻ ወጣች። በዲሴምበር 23 ቀን 1783 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለጉባኤው አስረክበው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ዘጠኝ ጥርሶች

ስለ ታላቅ ሰው ሲጻፍ የሚያስመሰግነውን ብቻ መርጦ ማቅረብ ቀላል ነው። የዋሽንግቶን የጥርስ ታሪክ ግን አንባቢን የሚያሳዝን አንድ ገጽ አለው።

በ1784 ዓ.ም. ለ ማየር የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ማውንት ቨርኖን ድረስ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ከአንዱ ሰው አፍ ጥርስ ነቅሎ በሌላው ሰው ድድ ውስጥ የመትከል ሥራ ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በዋሽንግቶን ቤት የሒሳብ መዝገብ፣ በዚህ ሐኪም ጉዳይ ለጥቁሮች ስለ ዘጠኝ ጥርሶች 6 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ መከፈሉ ተጽፏል። ይህ 122 ሺሊንግ ነው፤ ለአንዱ ጥርስ ወደ 13 ሺሊንግ ከግማሽ ይደርሳል። ሐኪሙ በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ ለአንድ ጥሩ የፊት ጥርስ እከፍላለሁ ያለው ሁለት ጊኒ፣ ማለትም 42 ሺሊንግ ነበር፤ ማስታወቂያውም ባሮችን የሚጨምር አልነበረም። እንግዲህ ባሮቹ ያገኙት ለነጻ ሰው ከታሰበው ሢሶ እንኳ የማይሞላ ነው።

እነዚያ ዘጠኝ ጥርሶች በጌታቸው አፍ ውስጥ ገብተው እንደ ሆነ መዝገቡ አይናገርም። ጥርሶቹን የሰጡትም ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ነገር ግን ከጥርስ ሕመም ጋር ዕድሜያቸውን ሁሉ የታገሉ ሰው፣ ጥርስ መነቀል ምን ያህል እንደሚያምም ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰው፣ በቤታቸው የዚህ ዓይነት ንግድ ተፈጽሟል። ባሪያ የሆነ ሰው እምቢ ለማለት ይችል ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ አንባቢ ራሱ ይመልሰው።

ባለ ቀዳዳው የጉማሬ ጥርስ

በኤፕሪል 30 ቀን 1789 ዓ.ም. ዋሽንግቶን በኒው ዮርክ ከተማ በፌዴራል ሆል ሰገነት ላይ ቆመው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለመሆን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የ57 ዓመት ሰው ነበሩ። ከመንገዱ ላይ ሕዝቡ በደስታ ሲጮህ፣ በመሪው አፍ ውስጥ የቀረችው ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። እርሷም በታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል፣ ከክራንቻው ቀጥሎ ባለው ስፍራ የምትገኝ ናት። ንግግራቸውን ሲያነቡ ከተገኙት የሕግ መወሰኛ አባሎች አንዱ፣ በጦር ሜዳ ያልተንቀጠቀጡት ጄኔራል እጃቸው ሲንቀጠቀጥና ለማንበብ ሲቸገሩ ማየቱን በማስታወሻው አስፍሯል።

ለዚህች ለአንዲት ጥርስ ሲል የደከመ አንድ ሐኪም ነበረ። ስሙ ጆን ግሪንውድ ነው። ግሪንውድ በ1760 ዓ.ም. በቦስተን ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ በነጻነቱ ጦርነት ዋሽንት ነፊ ሆኖ የዘመተ፣ በኋላም በኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። ለፕሬዚዳንቱ የሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጉማሬ ጥርስ የተቀረጸ ነበር። በጣና ዳርቻ ያደገ አንባቢ ጉማሬ አፉን ሲከፍት የሚታዩትን እነዚያን ቆልማማ ክራንቻዎች ያውቃቸዋል። የዚያ ዘመን ሐኪሞች የጉማሬን ጥርስ ከዝሆን ጥርስ አብልጠው ይወዱት ነበር፤ ምክንያቱም ጠንከር ያለና ቶሎ ቢጫ የማይሆን ነው። በዚህ መሠረት ላይ ግሪንውድ የሰው ጥርሶችን በብሎን አጣብቆ፣ የላይኛውንና የታችኛውን በወርቅ ሽቦ ሞላ አያያዛቸው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የታችኛው ክፍል አሠራር ነው። ግሪንውድ አንዲቱን ጥርስ ነቅሎ ሥራውን ለማቅለል ይችል ነበር። እርሱ ግን በተቀረጸው የጉማሬ ጥርስ ላይ በልኳ ቀዳዳ አበጀላትና ጥርሷ በቀዳዳው በኩል እንድትወጣ አደረገ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ሠራሽ ነገር በአፍ ውስጥ እንዳይንሸራተት አንዲቱ የተፈጥሮ ጥርስ እንደ ችካል ሆና ያዘችው። ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ በኒው ዮርክ ሕክምና አካዳሚ ተጠብቆ ይገኛል።

የዋሽንግቶን ጥርስ ከእንጨት የተሠራ ነበር የሚለው በዓለም የተሰራጨ ወሬ ግን እውነት አይደለም። ከጥርስ አጥንት የተቀረጸ ነገር በጊዜ ብዛት ሲጠቁርና ሲሰነጣጠቅ የእንጨት መልክ ስለሚይዝ ወሬው ከዚያ ሳይነሣ አልቀረም። ግሪንውድ ራሱ በ1798 ዓ.ም. ጥርሱ ጠቁሮ ሲመለስለት ምክንያቱ የወይን ጠጅ መሆኑን ገልጾ፣ ከምግብ በኋላ እየወለቀ በንጹሕ ውሃ እንዲቀመጥ መክሯል።

አራቱ ክፍሎች

አሁን ስለ ጥርስ መጉደል የዛሬው ሕክምና የሚያስተምረውን ጥቂት እንመልከት፤ የግሪንውድ ቀዳዳ ምን ያህል ብልህነት እንደ ነበረበት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በአንድ መንጋጋ ላይ 16 ጥርሶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ወይም ሌላው፣ ወይም ሁለቱ፣ ወይም ሦስቱ እያለ ሊጎድል የሚችልበት መንገድ ቢቆጠር ከ65,000 በላይ ይሆናል። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ልዩ ስም ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ በ1925 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኬኔዲ የተባለ የኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም ይህን ሁሉ ብዛት በአራት ክፍል ብቻ መደበው። ምደባው ዛሬም በዓለም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል።

አንደኛው ክፍል በግራም በቀኝም በኩል የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ጠፍተው፣ ከጉድለቱ በስተኋላ አንድም ጥርስ ያልቀረበት ነው። ሁለተኛው ክፍል ይኸው የኋላ ጉድለት በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ክፍል ጉድለቱ በአንድ ወገን ሆኖ ከፊቱም ከኋላውም ጥርስ የቀረለት ነው። አራተኛው ክፍል በፊት በኩል ሆኖ መካከለኛውን መሥመር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ አንድ ጉድለት ነው። ከዚህ ሌላ ትርፍ ክፍተት ቢኖር ዋናውን ክፍል አይለውጠውም፤ ተጨማሪ እየተባለ ይቆጠራል። ምን ጊዜም ክፍሉን የሚወስነው ከሁሉ ወደ ኋላ ያለው ጉድለት ነው።

አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ምደባ ስንት ጥርስ ጠፋ ብሎ አይጠይቅም፤ የቀሩት የት ቆመዋል ብሎ ነው የሚጠይቀው። ምክንያቱን ለመረዳት ከደቡብ ጎንደር ሳንወጣ ምሳሌ እናገኛለን። በጎጃምና በጎንደር መካከል በዓባይ ወንዝ ላይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ሰባራ ድልድይ የሚባል ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ለረጅም ዘመን መንገደኛው ክፍተቱን የሚሻገረው በወዲህና በወዲያ ሰዎች በሚይዙት ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። በኋላ ግን በዚያው ክፍተት ላይ የእግረኛ መሸጋገሪያ ሊዘረጋ ችሏል። ይህ የሆነው በሁለቱም ወገን የድንጋዩ ግንብ ቆሞ ስለ ነበረ ነው። ሦስተኛው የጥርስ ጉድለት እንዲሁ ነው፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ በፊትና በኋላ ባሉት ጥርሶች ላይ ጫናውን ጥሎ ጸንቶ ይቀመጣል።

በወዲያ በኩል ግንብ ባይኖርስ? መሸጋገሪያው አንደኛው ጫፉ ብቻ ተይዞ ሌላው በጭቃ ላይ ይተኛ ነበር፤ ሰው በረገጠው ቍጥርም ይሰምጣል። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል ይህን ይመስላሉ። የኋላው ጫፍ የሚያርፈው በድድ ላይ ነው። ድድ ሲጫኑት የሚረግብ ለስላሳ ነገር ነው፤ ጥርስ ግን አይረግብም። ስለዚህ ሰው ሲያኝክ የኋላው ጫፍ ዝቅ ይላል፤ የፊተኛውም ማያያዣ የታሰረበትን ጥርስ እንደ መፈንቅል ይገፋዋል። ጥሩ ሐኪም ጫናውን በድዱ ሁሉ ላይ አስፍቶ በማካፈል የቀረውን ጥርስ ከዚህ ግፊት ለማዳን ይደክማል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የዋሽንግቶንን አፍ ብንመዝነው፣ የላይኛው መንጋጋቸው ጥርስ ፈጽሞ ስላልነበረበት ከምደባው ውጭ ነው። የታችኛው ግን አንዲቱ ጥርስ እስካለች ድረስ በሁለቱም ወገን የኋላው ባዶ ስለ ሆነ ከአንደኛው ክፍል ይገባል። በዚያች በአንዲት ጥርስ ምክንያት ከፊል ጎዶሎ ነበሩ እንጂ ፍጹም ጥርሰ ባዶ አልነበሩም። ግሪንውድ የኬኔዲን መጽሐፍ ሊያነብ አይችልም፤ ከ130 ዓመት በላይ ቀድሞታልና። ነገር ግን የምደባውን መንፈስ፣ ማለትም ከጠፋው ይልቅ የቀረውን መመልከትን፣ በእጁ ሥራ ደርሶበት ነበር።

የመጨረሻዪቱ ጥርስ

ብቻዋን የቆመች ጥርስ ግን ያን ሁሉ ጫና ለዘለቄታው ልትሸከም አትችልም። በ1793 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ዋሽንግቶን የተናገሩት ንግግር 135 ቃላት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስካሁን ድረስ ከፕሬዚዳንቶች ሁሉ የመሐላ ቀን ንግግር እንደዚህ ያጠረ የለም። አንዳንዶች ይህን ማጠሩን ከጥርሳቸው ጋር ያያይዙታል። ዋሽንግቶን ግን በተፈጥሯቸውም ንግግር የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። የሞላው ግፊት አፋቸውን ለመክፈት ስለሚታገል፣ ዝም ለማለት እንኳ ጥርሳቸውን ነክሰው መያዝ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1796 ዓ.ም. ጊልበርት ስቱዋርት የተባለው ሠዓሊ የሣለው፣ ዛሬ በአንድ ዶላር ብር ላይ የሚታየው ፊታቸው ከንፈሩ ገጥሞና ጉንጩ ነፋ ብሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል። ሠዓሊው ጉንጫቸውን ለመሙላት በአፋቸው ጥጥ አስገብቶ እንደ ነበርም ይነገራል።

በዚያው በ1796 ዓ.ም. የመጨረሻዪቱ ጥርስ ተነቀለች። የነቀላት ሰባት ዓመት ያህል ሲጠብቃት የኖረው ግሪንውድ ነው። ጥርሷንም አልጣላትም፤ በትንሽ የወርቅ መያዣ አድርጎ በኪስ ሰዓቱ ሰንሰለት ላይ አንጠልጥሎ ይዟት ኖረ።

ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንቱ የሚይዝላቸው ችካል ስለሌለ ሰው ሠራሹ ጥርስ በሞላ ኃይል ብቻ የሚቆም ሆነ። ከጥርሶቻቸው ሁሉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው፣ በማውንት ቨርኖን የሚታየው፣ የእርሳስ መሠረት ያለውና የሰውና የእንስሳ ጥርስ የተሰካበት ከባድ ነገር ነው። በደብዳቤዎቻቸው ውስጥ ጥርሱ ከንፈራቸውን ወደ ውጭ እየገፋ መልካቸውን እንዳበላሸው ያማርሩ ነበር። አንዲት ጥርስ ምን ትሠራለች ለሚል ሰው፣ እርሷ ከሄደች በኋላ የመጣው ችግር በቂ መልስ ይመስለናል።

ዋሽንግቶን ሁለት ዘመን ከገዙ በኋላ ሦስተኛውን እምቢ ብለው በ1797 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዲሴምበር 14 ቀን 1799 ዓ.ም.፣ በ67 ዓመታቸው፣ በጉሮሮ በሽታ በማውንት ቨርኖን ዐረፉ። በዚያን ዓመት በርስታቸው ላይ 317 ባሮች ነበሩ። ከእነዚህ የራሳቸው ንብረት የነበሩት 123 ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዝዘዋል። ማርታ ዋሽንግቶንም ዕለተ ሞታቸውን ሳይጠብቁ በጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ዓ.ም. ነጻ አወጧቸው። ስለ ዘጠኙ ጥርሶች የተከፈለው ሒሳብ ግን እንደ ተጻፈ ቀርቷል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ዋሽንግቶን የዘመናቸው ባለጸጋና ባለ ሥልጣን ስለ ነበሩ በዘመኑ ከተገኙት ሐኪሞች ሁሉ የተሻሉትን ለማስጠራት ይችሉ ነበር። ቢሆንም በጎደለው ላይ እንጂ በቀረው ላይ የሚያስብ ሐኪም ያገኙት እጅግ ዘግይተው፣ አንዲት ብቻ በቀረች ጊዜ ነው። ዛሬ ግን ይህ ዕውቀት ተጽፎ የሚያስተምሩትና የሚማሩት ሆኗል። የምደባው ሕግ አንድ ተጨማሪ ነገር ያዝዛል፤ ይኸውም የትኛው ጥርስ እንደሚነቀልና የትኛው እንደሚቀር ሳይወሰን ክፍሉ አይሰየምም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ መንቀል ሳይሆን መመርመር ነው። የላላ ጥርስ ሁሉ የማይረባ አይደለም፤ የቆመ ጥርስም ሁሉ ደኅና አይደለም። ሥሩንና ድዱን አይቶ የሚፈርደው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ስልክ ደውዬ አያቴ ከማንም ምክር በፊት ወደ ጥርስ ሐኪም እንዲወሰዱ ለመንኩ። ሐኪሙ ሦስቱን ጥርሶች መርምሮ አንደኛው ሥሩ ስለ በሰበሰ ነቀለው፤ ሁለቱን ግን ጠንካሮች ሆነው ስላገኛቸው አስቀራቸው። የታችኛውም ሰው ሠራሽ ጥርስ በእነዚህ በሁለቱ ተይዞ እንዲቆም ተደረገ። አያቴ ቆሎ እንደ ድሮው አይቆረጥሙም፤ እንዲህ ያለውን ተስፋም ማንም አልሰጣቸውም። ነገር ግን ቂጣ ሳይነክሩ እንደሚበሉ ከቤት ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ጥርሶቻቸው እንዳይነቀሉ በመከራከራቸውም እስከ ዛሬ ድረስ ጎረቤቱን እንደረቱ ይቆጥሩታል።